ሰይድ ደህና ነው

ባሌን የቀበርኩት በእልልታ ነው።

ሰው ቢሰማኝ አላፍርም፤ ያን ጊዜ በከተማችን ሁሉም እንዲያ ነበር የሚቀብረው። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሁለት ሚኒባስ አበባ ለጥፈን፣ ክላክስ እያስጮህን፣ ከቦርከና ማዶ ወዳለው መቃብር ወረድን። ጀናዛው በኋለኛው ወንበር ላይ በቀይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ነበር። ሸኹ ዱዓውን ለራሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ አደረጉ። በእናቶቻችን ዘመን ሴት ቀብር አትወጣም ነበር፤ እኛ ግን ሰርግ ነው ስለተባለ ወጣን። አፈሩ ሲመለስ ጎረቤቴ አንጓች ክንዴን ቆነጠጠችኝና "እልል በይ እንጂ!" አለችኝ። አልኩ። ድሮም ሰርግ ቤት የምጠራው በእልልታዬ ነው። ሰይድም መጀመሪያ የወደደኝ በሱ ነበር፤ ያችኑ ሰምቶ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብስ ፋብሪካው በር ላይ ልክ አውጪው የምንለው ማሽን አለ። እንዴት እንደሚያውቅ አትጠይቁኝ፤ እኔ እጅጌ ሰፊ ነኝ። ጠዋት ስንገባ እንደ ደግ አጎት ሰላምታ ይሰጠናል። "ጦይባ፣ እንዴት አደርሽ? ባለቤትሽ ደህና? ልጅሽ ደህና?" ይለኛል። "ደህና፣ አልሐምዱሊላህ" እላለሁ። ከዚያ የዕለቱ ልኬ ከበሩ በላይ ይበራል። ልክ ማለት ደሞዝ ነው፤ የዛሬው ደሞዝ፣ የኔው ብቻ። አጠገቤ ተቀምጣ ያንኑ እጅጌ የምትሰፋው ሌላ ልክ አላት። ጥላኝ ትሄዳለች ብሎ የፈራትን ከፍ ያደርግላታል፤ የትም አትሄድም ያላትን ዝቅ። ባሏ የሞተባት፣ ልጇ የታመመባት፣ ጣሪያዋ የሚያፈስባት የት ትሄዳለች? ጥበቡ ሁሉ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሰው ችግሩን መደበቅ ተማረ። ሰኞ ሰኞ ሁላችንም ባዶ ሻንጣ ይዘን ነው ሥራ የምንገባው፣ ዛሬ ነገ የምንሄድ እንዲመስል። ጥቁር ጨርቅ የሚሸጥ ሱቅ ከጠፋ ዓመታት አልፈውታል። መድኃኒት የሚገዙልን ፋብሪካ የማይሠሩ አዛውንቶች ናቸው፤ በመዝገቡ ቢታይ የሰማንያ ዓመቱ ጋሽ ይመር የእርግዝና ኪኒን ይውጣሉ። በዚህ ስንስቅ ስንት ቀን መሽቶብናል። ምን እናድርግ፣ ሳቅም ልክ ከፍ ያደርጋል።

ጋሽ ይመር የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት በየሰፈሩ እየዞሩ፣ ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ የሟቹን ስም የሚጠሩ እሳቸው ነበሩ። በር ላይ ልክ አውጪው ከተተከለ ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጥሩምባው አልጋ ሥር ተቀምጧል። እድሩ ግን ሥራ አላሳጣቸውም። አሁን የሞቱትን ስልክ ይዘው ይዞራሉ። ስልኩ ከቆመ ለልክ አውጪው ባለቤቱ ቆሟል ማለት ነዋ! ስለዚህ ጋሽ ይመር የሙታኑን ስልኮች በሽንኩርት ከረጢት አድርገው፣ ጠዋት መስጊድና ቤተክርስቲያን፣ ረፋድ ላይ ገበያ፣ ከሰዓት ሻይ ቤት ያደርሷቸዋል። ሰይድ ኳስ ይወድ ስለነበር እሁድ እሁድ ሜዳ ይወስዱታል።

"ዛሬ ሰይድ የት ዋለ?" እላቸዋለሁ።

"ሜዳ ነበር። ተሸነፉበት" ይሉኛል።

ይቺን ለመስማት ብዬ እሁድን እጠብቅ ነበር፤ ምን ይደረጋል።

*

ሰይድ እንድሪስ ማቅለሚያ ክፍል ነበር የሚሠራው። ጥፍሩ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። ደረቱ ላይ የገባው ነገር እዚያው የገባ ይመስለኛል፣ ግን ሐኪም ቤት ሄዶ ቢመዘገብ ልኩ ስለሚወድቅ ሳይሄድ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስለው "አቧራ ነው" እያለ ይስቅ ነበር፤ በር ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ውጦ ያልፋል።

ያ ሰው ነው እንግዲህ ለወለል የተነሳው። ወለል ያልነው ማንም ሠራተኛ፣ ቸገረውም አልቸገረውም፣ ከዚያ በታች የማይወርድበትን ደሞዝ ነው። ጉዳዩ በከተማው ምርጫ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ፊርማ ያሰባሰበው ሰይድ ነው፤ ከሥራ በኋላ በየቤቱ እየዞረ፣ እያሳለ። እኔ ደግሞ አልዋሽም፣ እጨቀጭቀው ነበር።

"ፋብሪካው ቢሄድስ?" እለዋለሁ። "ወለል ካለበት አገር ሸሽቶ ነው እዚህ የመጣው። እዚህም ሲመጣበት ይሸሻል። ያኔ ወለሉን ትበላዋለህ?"

"እኔም እፈራለሁ" ይለኛል። "ግን ጦይባ፣ ገበያ ላይ ድንች ስትገዢ፣ ሻጯ ርቧታል ብለሽ በግማሽ ዋጋ ትወስጂባታለሽ?"

"አንዳንዴ አዎ።"

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ሲበርድለት "ያንን ነው ልክ አውጪው የሚያደርገን" አለ። "ሥራችን ያው ነው። የረከስነው በችግራችን ነው። ሰው ደግሞ በችግሩ አይረክስም፣ ሐራም ነው።"

ምርጫው ሊደርስ አርባ ቀን ሲቀረው ሞተ። ጠዋት ነው፣ ልጃችን ሉባባ ትምህርት ቤት ሄዳለች። እጄን ይዞ "ድምፄን እንዳታባክኚው" አለኝ። የደከመበትን ነገር አደራ ያለኝ ነበር የመሰለኝ። "አብሽር" አልኩት። የዘጠኝ ዓመቷን ሉባባን ግን ስትመለስ በር ላይ ጠብቄ የነገርኳት ሌላ ነገር ነው። "አባትሽ ሞቷል። ማንም ቢጠይቅሽ ግን ደህና ነው ትያለሽ። ደጅ ላይ አታለቅሽም። ቤትም ቢሆን ድምፅ አታሰሚም" አልኳት። ልጄ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ የቤት ሥራዋን መሥራት ጀመረች። እኔም መከልከል ነበረብኝ፣ አልከለከልኳትም።

*

ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ይመር ከረጢታቸውን ተሸክመው መጡ። በር ላይ ቆመው አልገባም አሉ።

"ጦይባ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሰይድን ስልክ ልዝጋው?"

"ምነው? ምን አጠፋሁ ጋሽ ይመር?"

"ምንም አላጠፋሽ። ደንቡን አንብበውልኝ ነው። ያልመረጠ ሰው ባለበት ረክቷል ተብሎ ይቆጠራል አሉ። ወለሉን እንዳልፈለገ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ስልክ ይዤ እዞራለሁ እንጂ ምርጫ ጣቢያ የጣት አሻራ የምሰጥላቸው አይደለሁ። ሰይድ በመዝገብ ካልሞተ... ገባሽ?"

ገባኝ። ሰይድ በሕይወት ካለ ወለሉን እምቢ ይላል። ከሞተ ደግሞ ልኬ በማግስቱ ታች ይወርዳል፣ ሉባባን ይዤ ከቤቴ እወጣለሁ። እዚያው በር ላይ ቆሜ አሰብኩት። እውነቱን ልናገር፣ ብዙም አላሰብኩት።

"ጋሽ ይመር፣ አንድ ድምፅ ምን ይሠራል?" አልኳቸው። "እኔ እመርጥለታለሁ። ሌላው ሰው አለ አይደል።"

ጋሽ ይመር ከረጢቱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩት። "እንደዚያው ነው ሁሉም ያለኝ" አሉና ሄዱ።

*

የወለሉ ክርክር የተደረገው ኳስ ሜዳው ላይ ነው። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል፤ ሥራ ስለሌለ ሳይሆን ፋብሪካው ራሱ ፈቃድ ሰጥቶን ነው። ስንሄድ የተጨነቅነው ስለ ፊታችን ማማር ነበር። ሁላችንም እንደ በዓል ለብሰናል።

ለወለሉ የቆመችው ትርንጎ አበጋዝ ናት፣ የድሮ አስተማሪ። ወለሉን በመቃወም የቆሙት ኢንጂነር ናኦድ የሚባሉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሰው የማይሰድቡ ሰውዬ ናቸው። ሰው የማይሰድብ ተከራካሪ ያስፈራል።

ትርንጎ እንዲህ አለች፦ "አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለሚሰፉ ሁለት እናቶች ሁለት ዋጋ የሚቆርጥ በር አለ። ለባሰባት ያነሰውን ይሰጣል። እኔ የምለው በሩ ከፈለገ ከፍ ያድርግ፤ ዝቅ የሚልበት ግን ማቆሚያ ይኑረው።" ጭብጨባ ሆነ፤ ግን እጅን ከጉልበት ሳያነሱ፣ በስሱ።

ኢንጂነሩ ተነሱ። "እህቴ ትርንጎ ልቧ ደግ ነው" አሉ። "እኔ ደግሞ መዝገብ ነው ያለኝ። ወለል የሚያስፈልገው ችግር ላለበት ነው። ባለፉት ስድስት ዓመታት ከዚህ ፋብሪካ ሠራተኞች ቤት ስንት ሰው ሞተ? አራት። ስንት ሰው ታሞ ተኛ? አሥራ አንድ። በየሳምንቱ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ የሚነሳ ስንት ነው? ከግማሽ በላይ! ሻንጣ ይዞ ነው የሚገባው። በየወሩ ደግሞ ሰርግ ነው። እንዲህ ያለ ከተማ በአገሪቱ የለም። ይህን ደስታ ያመጣውን ነገር ነው እንንካው የምትሉኝ?"

አንጓችን አየኋት፤ እናቷን በጥር በእልልታ የቀበረች ናት። እሷም አየችኝ። ኢንጂነሩ አራት ሰው ነው የሞተ ሲሉ አጠገባችን የተቀመጡት ጋሽ ይመር ከረጢታቸውን በእግራቸው ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረጉት። ለቀባሪው አረዱት አሉ፤ እኛ ቀባሪዎቹ ተቀምጠን ማንም አልሞተም ተብሎ እየተረዳን ነበር። ሰውዬው ደግሞ አልዋሹም። ያን መዝገብ ቀን ከቀን የጻፍነው እኛው ነን።

ትርንጎ ጨንቋት ዙሪያዋን ተመለከተች። ከዚያ አየችኝ። እሷም ሰይድን ስንቀብር ነበረች፣ በኋለኛው ሚኒባስ።

"የፊርማው አሰባሳቢ የሰይድ እንድሪስ ባለቤት እዚህ አለች" አለች። "ጦይባ፣ ከፈቀድሽ... አንቺ ንገሪያቸው።"

ማይክራፎኑ በሰው እጅ ወደኔ መጣ። ተነሳሁ። ሉባባ ቀሚሴን ይዛለች። ልቤ ውስጥ ሁሉም ነገር ተደርድሮ ነበር፤ ሳሉ፣ ሰማያዊ ጥፍሩ፣ ቀዩ ምንጣፍ። "ሰይድ ሞቷል" ለማለት ሁለት ቃል ነው የሚበቃኝ። ወላሂ ልለው ነበር።

ኢንጂነሩ ግን ቀደሙኝ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ወጉ ሰላም አሉኝ። "እህቴ ጦይባ፣ እንደምን ዋልሽ? ሰላም ነሽ? ልጅሽ ደህና? ሰይድ ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ" አልኩ።

ሳላስበው ነው የወጣ። አፌ በየጠዋቱ በር ላይ የለመደው ነው፤ ከዚያም በፊት ከእናቴ የለመድኩት ነው። ሆዷ እየተቃጠለ እንኳ ሰው ደህና ነሽ ወይ ሲላት ደህና ያላለች ሴት በቤታችን የለችም። ቃሉ በድምፅ ማጉያው ሜዳውን ዞሮ ተመልሶ መጣ። ሰይድን አጥበው የከፈኑት ሰዎች ሰሙኝ። የሸኹን ፊት አየሁት። ሰይድም እዚያው ነበር፣ በሽንኩርቱ ከረጢት ውስጥ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ኢንጂነሩ ከልባቸው። "ሰላም በይልኝ።"

ተቀመጥኩ። ትርንጎ ወረቀቷን አጣጠፈች። ሉባባ ቀሚሴን ለቀቀችው።

*

በምርጫው ቀን ለወለሉ መረጥኩ። ሰውም መረጠ፣ ሰልፉ እስከ ድልድዩ ነበር። ሕዝቡ ወለሉን አይፈልግም የሚለኝ ካለ ዛሬም እጣላዋለሁ። በዚያው እሁድ ከሰዓት ውጤቱ በሬዲዮ ሲነገር እድር ቤት ተሰብስበን ነበር። ድምፅ ከሰጠው ሰው ውስጥ ከመቶ ሰባው ወለሉን ብሏል። እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

አንባቢዋ ግን አላቆመችም። "ድምፅ ያልሰጡና ባሉበት ረክተዋል ተብለው የተቆጠሩ ሲደመሩ ወለሉ በዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ልዩነት ወድቋል" አለች።

ጋሽ ይመር ከረጢታቸውን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ስልኮቹ ተንሸራተው አንዳንዱ መሬት ወደቀ። አልቆጠሩም፣ የሚያውቁት ነገር ነው። "ስድሳ ሦስት ናቸው" አሉ። "ይኼ የኛ እድር ብቻ ነው። በከተማው ስንት እድር አለ?"

አርባ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ሁሉም የየራሱ ከረጢት እንዳለውም እናውቃለን። አንጓች የእናቷን ስልክ ፈልጋ አገኘችውና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። "እማዬ ለወለሉ ትሞት ነበር እኮ" አለች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

እኔ የሰይድን አነሳሁት። መስታወቱ ጥግ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለበት፣ ከጣቱ። ድምፄን እንዳታባክኚው ያለኝ ሰው ነው። አላባከንኩትም። ይኸው ወስጄ ለእምቢታው ሰጠሁለት። ሁለት ዓመት የደከመበትን ነገር ሰይድ ራሱ ጣለው፤ ያስጣልኩት እኔ ነኝ። የሞተ ተጎዳ ይባላል። ውሸት ነው፤ እኔ ከሞተ በኋላ ነው የጎዳሁት።

"እንግዲህ ምን እናድርግ?" አለ አንድ ሰው። "ነገ ሰኞ ነው። ሻንጣችሁን አትርሱ።" የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም። አንድ በአንድ ወጡ። ከጋሽ ይመር ጋር ስልኮቹን ከመሬት ለቀምን። ስንጨርስ እንዲህ አልኳቸው፦

"ጥሩምባው አሁንም አልጋ ሥር ነው?"

ቀና ብለው አዩኝ። "ዝጎ ይሆናል" አሉ።

*

ሰኞ ጠዋት ሻንጣውን ተውኩት። ጥቁር ልብስ ስለሌለኝ ሰማያዊ ቀሚሴን ማቅለሚያ ክፍል የሚሠራ የሰይድ ጓደኛ አጥቁሮልኝ ነበር፤ ገና ያልደረቀ ነው። ሉባባ ቁርሷን አቁማ አየችኝ።

"እማ፣ አባዬ አሁን ሞተ ማለት ይቻላል?"

"ይቻላል።"

"ለአስተማሪዬም?"

"ለአስተማሪሽም። ለሁሉም።"

ዳቦዋን አስቀመጠችና አለቀሰች። አርባ ቀን ያቆየችው ነው። ልጅ እንዲህ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም፤ አቅፌያት ተቀመጥኩ፣ ዝም በይ አላልኳትም፣ ሥራ ረፈደብኝ።

በሩ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዟል። ቀሚሴን ሲያዩ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ፤ አንጓች ብቻ "ጦይባዬ፣ ምን እየሆንሽ ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ። ተራዬ ደረሰ።

"ጦይባ፣ እንዴት አደርሽ? ባለቤትሽ ደህና?"

"ሞቷል።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ በሩ። ከእኛ ሌላ መልስ ሰምቶ አያውቅም። "ልጅሽ ደህና?"

"ልጄ አባቷ ሞቶባታል። ሰይድ እንድሪስ ይባላል። ማቅለሚያ ክፍል ነበር። ዛሬ አርባ አንድ ቀኑ ነው።"

ከዚያ ልኬ በራ። እዚያ ቁጥር ላይ ሰው ሲወርድ አይቼ አላውቅም ነበር። በዚያ ልክ ቤት አይከራይም፣ ልጅ አያድግም። ከኋላዬ ያሉትም አዩት፤ እንዲያዩት ብዬ ነው ፈቀቅ ያልኩት።

"አንጓች፣ እንዴት አደርሽ?" አለ በሩ። "እናትሽ ደህና?"

አንጓች ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ባዶ ስለነበር ወደ ጎኑ ወደቀ።

ያን ጊዜ ነው ከድልድዩ በኩል የሰማነው። መጀመሪያ የታፈነ ነገር ነበር፣ የዛገ። ከዚያ ጠራ። ስድስት ዓመት ያልተሰማ ጥሩምባ ነው፤ ከሰልፉ ውስጥ ወጣቶቹ ምን እንደሆነ አላወቁትም። ጋሽ ይመር ጥሩምባቸውን ብቻ ይዘው ነበር የሚመጡት፣ ከረጢቱን ትተውት። ነፉ፣ ቆሙ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ስድሳ ሦስት ስም አለባቸው፤ ጠዋቱን ሙሉ ሊጠሩት ነው። ከሁሉም መጀመሪያ ግን የጠሩት የኔን ነበር።

"ሰይድ እንድሪስ ሞቷል! ሰምታችኋል? ሰይድ እንድሪስ ሞቷል!"

እኔም በዚያ እልል ባልኩበት ጉሮሮ ጮህኩ።